«ማሚ መሆን ነው የምፈልገው»

ሜሪላንድ ፓርክዌይ መንገድ ላይ ያሉት ሱቆች ለሃሎዊን በዓል የሚሸጡት ልብስ አንድ ማታ ተለብሶ የሚጣል ቡትቶ ነው። አልገዛም አልኩ። ልጄ ሄራን «ማሚ መሆን ነው የምፈልገው» ስትለኝማ ልቤ ቅቤ ጠጣ። እኔን መምሰል አማራት! በምሠራበት ካዚኖ ሆቴል ክፍል ሳጸዳ የምለብሰውን አሮጌ ዩኒፎርሜን አሳጥሬ፣ አጥብቤ በልኳ ሰፋሁላት።

ገና ስታየው ጮኸች። «ይሄ አይደለም! ማሚ! የሞተው፣ በጨርቅ የሚጠቀለለው!»

ለካ ሬሳ መሆን ኖሯል የፈለገችው። ደሜ ፈላ።

«እኔን ከመምሰል ሬሳ መምሰል ይሻልሻል?»

እሷስ ምን ታድርግ? እናትንና ሬሳን በአንድ ስም የሚጠራ ምን ዓይነት ቋንቋ ነው? የሰው በር አንኳኩቶ ከረሜላ ለመለመን ልጅን ሬሳ የሚያስመስል በዓልስ የት አገር አለ? አሮጌ አንሶላ አውጥቼ እየተራገምኩ ተረተርኩት። ከእግሯ እስከ ግንባሯ ጠቀለልኳት።

«በይ ሂጂ አሁን!»

እጆቿን ወደ ፊት ዘርግታ፣ ግትር ብላ፣ እግሯን እየጎተተች ሳሎኑን ዞረች።

«ይሄን አካሄድ ደግሞ ማን አስተማረሽ?» ብዬ ጮኽኩባት።

«አንቺ» አለችኝ። «ከሺፍት ስትመጪ እንደዚህ ነው የምትሄጂው።»