ለኮች ያዘገየሁት መርዶ

ቤዝቦል የሚባለው ጨዋታ ዛሬም አልገባኝም። አንዱ ዱላ ይዞ ይቆማል፣ ሌላው ኳስ ይዞ ያፈጥበታል፣ የቀሩት ሣር ላይ ቆመው ማስቲካ ያኝካሉ። «ይኼ ስፖርት ነው ወይስ ቀጠሮ?» ስላቸው ኮች ይስቁ ነበር። ስቀውም አይቀሩ፣ እንደገና ከመጀመሪያው ያስረዱኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ አስረዱኝ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የገባኝ መስዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

ኮች የምላቸው ሁሉም ሰው እንደዚያ ስለሚጠራቸው ነው። ሰማንያን ያለፉ፣ ሚስት የሞተችባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ሽማግሌ ናቸው። እኔ ደግሞ ከእሑድ በቀር በየቀኑ ሴንትራል ፓርክ የሚባል ሰፈር ያለው ቤታቸው እየሄድኩ የማጥብ፣ የማበላ፣ መድኃኒት የምሰጥ አስታማሚያቸው ነኝ።

ፀሐይ በወጣ ቁጥር «ስታዲየም ውሰጂኝ» ይሉኝ ነበር። የኮሌጅ ስታዲየም ነው፣ ትንሽ። በሩ ላይ በብረት ፊደል የሁለት ሰው ስም ተለጥፏል፤ የእሳቸውና የጓደኛቸው። ሁለቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚያ ሜዳ ላይ አብረው አሠልጥነዋል። መኪናዬን ፓርክ አድርጌ በዊልቸር እስከ በሩ እገፋቸዋለሁ። «በእኛ አገር ስም ድንጋይ ላይ የሚጻፈው ለሞተ ሰው ነው፤ እርስዎን ምን አስቸኮለዎት?» እላቸዋለሁ። በዚህም ይስቃሉ። አንድ ቀን ግን ሳይስቁ እንዲህ አሉኝ፦ «ከሁለታችን ቀድሞ የሞተውን፣ የቀረው እዚህ ሜዳ ላይ ሆኖ ተናግሮ ይሸኘዋል። ቃል ተገባብተናል።» ጓደኛቸው ያኔ ሆስፒታል ገብተው ነበር። ሁለቱ በየቀኑ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ይደዋወላሉ፤ ሲሳደቡ ነው የሚውሉት።

ኮችም በልብ ሕመም ሆስፒታል ተኝተው በወጡ በአራተኛው ቀን፣ አንድ ሐሙስ፣ ስልካቸው ጠራ። እንቅልፍ ወስዷቸው ስለነበር እኔ አነሣሁት። የጓደኛቸው ልጅ ናት። «አባቴ ዛሬ ጠዋት አረፈ» አለችኝ። «ቀብሩ ለቤተሰብ ብቻ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ስታዲየሙ ውስጥ እንሸኘዋለን፤ የሚናገሩት ኮች ናቸው። እባክሽ ንገሪያቸውና ይዘሻቸው ነይ።»

«እሺ» አልኳት። አልነገርኳቸውም።

እንዴት ብዬ ልንገራቸው? ልባቸው የታመመ ሽማግሌ ገና ከእንቅልፍ ሲነቁ፣ አንዲት ሴት የመድኃኒት ብርጭቆ ይዛ «ጓደኛዎ ሞቱ» ትበላቸው? ምን ዓይነት ጭካኔ ነው! መርዶ እንዲህ አይነገርም። መርዶ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ግራና ቀኝ የሚደግፍ ቆሞ ነው። አባቴ አገር ቤት ሲሞት እኔ እዚሁ ስደት ላይ፣ ኦሮራ ከተማ ነበርኩ፤ ከወር በላይ ማንም ትንፍሽ አላለም። ስደውል «ደህና ነው፣ ተኝቷል» ይሉኝ ነበር። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ፤ ስከፍተው ደረጃው ነጠላ ባዘቀዘቀ ሰው ተሞልቷል። ማንም አፉን ሳይከፍት ገባኝ። አልዋሽም፣ ስለደበቁኝ ተናድጄ ነበር። ግን ስወድቅ የያዘኝ ሰው ነበረ። ኮችንስ ማን ይይዛቸዋል?

ስለዚህ ለእሑድ ማለዳ ቀጠርኩ፤ ከቤተ ክርስቲያናችን ሦስት ትልልቅ ሰዎች ለመንኩ። የቅዳሜውን ሽኝት ቀላል አድርጌ አየሁት፣ ጥፋቴ ይኸው ነው። እኛ ዘንድ ለቅሶ በማግስቱም፣ በሳምንቱም፣ በወሩም ይደረሳል። ቀብሩ ካለፈ ምን ያስቸኩላል? ቅዳሜ ባይደርሱ እሑድ ይደርሳሉ አልኩ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!

ሦስት ቀን ስልካቸውን ድምፁን አጥፍቼ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። አራት ሰዓት ሲሆን «ደውይልኝ እንጂ» ይላሉ። «ደውዬ ነበር፣ ተኝተዋል» እላለሁ። «ይኼ ሰነፍ!» ይላሉ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሜዳው ላይ ሰው ሲሰበሰብ፣ እኔ ኮችን በረንዳ ላይ ፀሐይ እያሞቅኩ ሾርባ በማንኪያ አጎርሳቸው ነበር። ደህና በሉልኝ ብዬም ደስ አለኝ። አፈር በበላሁ።

እሑድ በማለዳ ሦስቱን ትልልቅ ሰዎች ሐበሻ ከሚበዛበት ከሃቫና ጎዳና በመኪናዬ ለቃቅሜ በያዝኩት ቁልፍ ገባን። ኮች ዐይናቸውን ሲገልጡ አራት ጥቁር የለበስን ሐበሾች አልጋቸውን ከበናል። እጃቸውን ይዤ ነገርኳቸው። አልጮኹም፣ አልወደቁም። በቀኝ በኩል የደገፏቸውን የቤተ ክርስቲያናችንን እናት እጅ ከትከሻቸው ላይ ቀስ አድርገው አነሡና «ሽኝቱ መቼ ነው?» አሉኝ።

«ትናንት ነበር። ግን ችግር የለም፣ አሁኑኑ እንሄዳለን፣ ሰው አይጠፋም...»

ቃሌን አልጨረስኩም። ሰው እንደዚያ አድርጎ አይቶኝ አያውቅም። ካልሲያቸውን ሳላጠልቅላቸው «ውሰጂኝ» አሉ።

ስታዲየሙ በሰንሰለት ተቆልፏል። ከውስጥ፣ ግድግዳው ሥር፣ የታጠፉ ወንበሮች ተደርድረዋል። ለቀስተኛ የለ፣ ድንኳን የለ፤ አንድም ሰው አልነበረም። የምሆነው ጠፋኝና ልጅቷ ጋ ደወልኩ፤ ኤርፖርት ነበረች፣ ወደምትኖርበት ከተማ ልትመለስ። ስልኩ ስፒከር ላይ ነበር።

«አርባ ደቂቃ ጠበቅናቸው» አለች። «ወንበራቸውን ማይክራፎኑ አጠገብ አድርገን። ከአባቴ ጋር ተጣልተው የቀሩ መሰለን። በእሳቸው ቦታ ማን ይናገር? ማንም ሳይናገር ተበታተንን።»

ኮች ዊልቸራቸው ላይ ሆነው አጥሩን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ሰሟት። ስልኩን ስዘጋ ሳይዞሩ ጠየቁኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ታውቂ ነበር?»

«ከሐሙስ።»

«ትናንት ስታበዪኝም ታውቂ ነበር?»

«ልብዎን ፈርቼ ነው፣ ኮች።»

«ልቤ የእኔ ነው» አሉ።

ቢያባርሩኝ ይሻለኝ ነበር። አላባረሩኝም። ዛሬም እሄዳለሁ፣ አጥባለሁ፣ አነጥፋለሁ፣ መድኃኒት እሰጣለሁ። ምግብ ይዤ ስገባ ግን፣ በተለይ ፊቴ ከፈካ፣ አፋቸውን ይዘጋሉ።

«ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ?» ይሉኛል።

«ማንም» እላለሁ። አያምኑኝም።