ማዳሜ የያራን ምርመራ ስትፈተን

ዓረብ አገር፣ ሐምራ በሚባል ሰፈር በምሠራበት ቤት ያራ የምትባል የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። ሱቅ ስንሄድ ሒሳቡን ከባለሱቁ ቀድማ በቃሏ ትደምራለች፤ አንድ መስመር አንብቢ ሲሏት ግን ፊደሉ ይገለባበጥባትና ታለቅሳለች። በፈረንጆቹ 2019 ትምህርት ሊከፈት ሲል ትምህርት ቤቱ «ካልተመረመረች አንቀበላትም» አለ።

እናቷ ማዳሜ ተናደደች። «ልጄ ሊቅ ናት፤ ሰነፎቹ፣ ያኒ እኮ፣ አስተማሪዎቹ ናቸው» እያለች እኔንም አስከትላ ባውሽሪዬ የሚባል ሰፈር ወዳለች አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ወሰደችን።

ባለሙያዋ ልጅቷን ፈትና ስትጨርስ ወደ እናቲቱ ዞረች።

«በስንት ዓመቷ አፏን ፈታች?»

ማዳሜ እኔን አየችኝ። «ሁለት ዓመት ሊሞላት ሲል» አልኩ።

«የጫማዋን ክር ራሷ ታስራለች?»

አሁንም እኔን አየችኝ። «አታስርም፣ እኔ ነኝ የማስርላት» አልኩ። የተጠየቀችው እናት፣ የምመልሰው እኔ።

በመጨረሻ ባለሙያዋ፣ «ልጅሽ በጣም ብሩህ ናት፤ ግን የማንበብ ችግር አለባት። ብዙ ጊዜ በዘር ይመጣል። ከቤተሰብ እንዲህ ያለበት ሰው አለ?» አለቻት።

«በእኛ ዘር?» አለች ማዳሜ ቀብረር ብላ። «ካለም በአባቷ በኩል ይሆናል።»

«ኸላስ፣ በቃ፣ እንግዲህ ይህን አንብቢና ፈርሚ» ብላ ባለሙያዋ አንድ ገጽ ወረቀት ሰጠቻት።

ማዳሜ ወረቀቱን ትኩር ብላ አየችው። ከዚያ ቦርሳዋን በረበረችና «መነጽሬን ቤት ረስቼዋለሁ» ብላ እንደለመደችው ወደ እኔ ዞረች።

ሰባት ዓመት ሙሉ ያንን ቤት ስወለውል አንድም ቀን የማዳሜን መነጽር አይቼ አላውቅም።