ያልተወሰደው ፈረስ

ስልኩን ወደዚያ በረንዳ ያመጣሁት እኔ ነኝ። አስቀድሜ ልናገረው፤ ሰው ሲወቅሰኝ ከምሰማ ራሴን ብወቅስ ይሻለኛል።

ጭሮ ተመድቤ ኬሚስትሪ ማስተማር ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴ ነበር። አገሬ ወሎ ነው፤ እዚህ ዘመድ የለኝም። ከትምህርት ቤት ስወጣ የምሄድበት አንድ ቦታ ብቻ ነበረኝ፤ ከዋናው መንገድ ዝቅ ብሎ ያለ የአንድ ጡረተኛ ሹፌር በረንዳ። ጋሼ እላቸዋለሁ። ዕድሜያቸውን ጫት ጭነው ወደ ድሬዳዋ ሲበሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ቼዝ የለመዱት በወጣትነታቸው አሰብ ወደብ ጭነት ሲጠብቁ ነው፤ ሲጫወቱም እንደ ነዱት ነው፤ ፍሬን አያውቁም። ከሂርና እስከ ቦርደዴ እሳቸውን ያሸነፈ ሰው አላየሁም። እኔማ በአራት ዓመት አንድ ቀን አልቀናኝም። በጠፋው ጥቁር ግንብ ቦታ የቆመው አሮጌ የመኪና ካንዴላ እንኳ የሚንቀኝ ይመስለኝ ነበር።

የበረንዳው የቼዝ ሕግ የመጣው ከሰዓት በኋላ ሰው እዚያ ተሰብስቦ ከሚቅመው ጫት ነው። እዚህ አገር ሰው ከራሱ እስር ለጋውን ቀንበጥ መርጦ ሲዘረጋልህ እምቢ አይባልም፤ ነውር ነው። ጋሼ ይህንኑ ወደ ቼዝ አምጥተውታል። ተጋጣሚህ ፈረሱን ወይም ንግሥቱን ከሰጠህ ትወስዳለህ። «ያልወሰደ ይነሳ!» ነው ሕጉ፤ እምቢ ያለ ከሰሌዳው ተነስቶ ቦታውን ለሌላ ይለቃል። እኔም ስንቴ ወስጄ ስንቴ ተቀብሬያለሁ። ጋሼ ፈረስ ሲሰጡ ቶሎ ከጣታቸው አይለቁትም፤ አምስት ስድስት እርምጃ ሳንሄድ የኔ ንጉሥ ጥግ ላይ ታንቆ ይገኛል። ሲሸነፉኝ የሚስቁት ሳቅ ደግሞ አለ፤ ያናድዳል።

ይታረምልኝ፤ እኔ ስሸነፍ የሚስቁት ማለቴ ነው። እሳቸው ተሸንፈው አያውቁም ነበርና።

«ማሽን ይህን አይችልም» ይሉ ነበር። «ማሽን ስስታም ነው፣ ቆጣሪ ነው። መስጠት ልብ ይፈልጋል፣ አቦ!»

አርፌ አልቀመጥ አልኩ። አንድ ቀን ከአስር ሶላት ሲመለሱ ስልኬ ላይ የጫንኩትን የቼዝ ፕሮግራም ከፍቼ ጠበቅኋቸው። ለጨዋታ ያህል ነው ብል ውሸቴን ነው፤ ቅናት ነበረብኝ። ሲሸነፉ ማየት ፈልጌ ነበር።

ስልኩ የሚለውን እያየሁ በእንጨቱ ሰሌዳ ላይ እኔ አንቀሳቅስለታለሁ። ገና ጨዋታው ሳይሞቅ ስልኩ በፈረሱ ከንጉሣቸው ፊት የቆመውን ወታደር በልቶ እዚያው ቁጭ አለ። በረንዳው ሳቀ።

«ማል ኩኒ? ምንድነው ይሄ? ስልክህ ዓይን የለውም እንዴ?» አሉና ወሰዱት። ቀጥሎ ግንቡን ሰጠ። እሱንም ወሰዱ፤ ሕግ ነው። ከዚያ የስልኩ ንግሥት ከዳር ብቅ አለችና ንጉሣቸው መሄጃ አጣ።

ሳምንቱን ሙሉ እየጠሩኝ ተጫወቱ። ስልኩ በየቀኑ ይሰጣል፣ እሳቸው በየቀኑ ይወስዳሉ። አንዴ ጠጋ ብዬ «ይተዉት ጋሼ፣ አይውሰዱ» ብላቸው «የራሴን ሕግ ላፍርስ?» ብለው ተቆጡኝ። በመጨረሻው ቀን ስልኩን በእጃቸው ገፋ አድርገው መለሱልኝ።

«እኔ ስሰጥ እፈራለሁ፣ መምህር። እየፈራሁ ነው የምሰጠው። ይሄ ግን ሳይፈራ ይሰጣል። ሳይፈራ የሚሰጥን ምን ታደርገዋለህ?»

ስልኩን ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩት።

ከዚያ ወዲያ ሰሌዳው ሳይወጣ ሁለት ወር አለፈ። ፕሮግራሙን ከስልኬ አጠፋሁት፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው እንጂ ምን ይጠቅማል። አንድ ቀን ግን በበረንዳው ሳልፍ «ወሪያ መምህር፣ ና እንጫወት!» ሲሉኝ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ሁሉም ነገር ወደ ቦታው የሚመለስ መሰለኝ።

አልተመለሰም። ቀስ እያሉ፣ እየተጠራጠሩ፣ ወታደሮቻቸውን ንጉሣቸው ዙሪያ እንደ አጥር ደርድረው ተጫወቱ። እኔ መሀል ላይ ሐሳቤ ወዳላረምኩት ፈተና ሄዶ ነበር መሰለኝ፣ ፈረሴን ወስጄ ወታደራቸው አፍ ውስጥ አስቀመጥኩት። ያየሁት እጄን ካነሳሁ በኋላ ነው። ተራ ስህተት ነበር።

ጋሼ ፈረሱን አዩት። ሻያቸው እስኪቀዘቅዝ አዩት። እጃቸው ሄደና መንገድ ላይ ቆመ።

«አልወስድም» አሉ፣ ንጉሣቸውንም ወደ ጥግ አሸሹት። የሸሹበት ጥግ ለፈረሴ ተመቸ፤ በሚቀጥለው እርምጃ ንጉሡንና ንግሥቲቱን አንድ ላይ ያዘ። አሸነፍኩ። በአራት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው።

«ከፈረሱ ጀርባ ምን ወጥመድ ነበር?» አሉኝ።

«ምንም፣ ጋሼ። ተሳስቼ ነው። ቢወስዱት አልቆልኝ ነበር።»

«ተው አቦ። ስልኩ አስተምሮሃል።»

«እግዜር ምስክሬ ነው፣ ባዶ ነበር!»

«ለእንጨት ፈረስ አይማልም፣ መምህር።»

ከዚያ፣ ዘግይተውም ቢሆን፣ ተነሱ። ያልወሰደ ይነሳል፤ ራሳቸው ያወጡት ሕግ ነው። ጠጠሮቹን ከነካንዴላው ሣጥን ውስጥ ከተቱና በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝ። የተዘረጋ አይገፋምና ወሰድኩት።

ዛሬም በዚያ ሳልፍ፣ ቼዙን ትተው፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ባጃጅ ሲያዩ አገኛቸዋለሁ። ሰላምታችን አልተቋረጠም። ፈረሱ ባዶ ነበር ማለቱን ግን ትቼዋለሁ።