የአልክሜዎን ልጆችና የእኛ ቤት

ትናንት ልጄ ለትምህርት ቤት ፖስተር ስትሠራ የማርከሩን ክዳን ከፈተችው፤ ያ የሚያፍን ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ ባሕር ማዶ ያደግኩባት ቤድፎርድ ከተማ፣ የወላጆቼ ኩሽና ትዝ አለኝ። ያኔ ሃይስኩል ነበርኩ። ሰኞ ክፍል ፊት በፖስተር የማቀርበውን ገለጻ አያቴ ፊት እለማመድ ነበር።

"ማለቴ አባባ፣ የአልክሜዎን ቤት ሰዎች በጥንት አቴና ትልልቅ ጌቶች ናቸው። ጠላቶቻቸው መቅደስ ገብተው ተደበቁ። የአልክሜዎን ሰዎች 'ውጡ፣ አንነካችሁም' ብለው ማሉላቸው። ሶ፣ ሲወጡ ገደሏቸው።"

ከተማው ዘራቸውን ሁሉ እንደረገመ፣ የሙታናቸውን አጥንት ሳይቀር አውጥቶ እንደጣለ፣ ኋላ ግን ከዚያው ቤት የተወለደ ሰው ሥልጣንን ለሕዝብ እንዳካፈለ ነገርኳቸው። ለእኔ ይህ ሁሉ የማርክ ጉዳይ ነበር።

አያቴ መነጽራቸውን አወለቁ። "የሟቾቹን ልጆችስ ይቅርታ ጠየቁ?"

"አላውቅም አባባ። ግን ትልቅ መቅደስ ሠርተዋል።"

"መቅደስማ እኛም ሠርተናል" አሉ።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ። ባላባቱ አባታቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ተማጽነው የገቡ ጭሰኞችን በመሐላ አስወጥተው አስገድለዋል። ከሟቾቹ የአንዱ ልጅ አዛውንት ሆነው እዚያው አጠገባችን ኧርቪንግ ከተማ ይኖሩ ነበር። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አያቴን ሲያዩ ከወንበራቸው ተነሥተው፣ እጅ ነሥተው ነበር የሚጨብጧቸው።

"ሰውዬው ይህን ያውቃሉ?" አልኩ።

"ያውቃል እንጂ። የሚያሳፍረኝ እያወቀ እጅ መንሣቱ ነው።"

ቅዳሜ በመኪና ወደ አዛውንቱ ቤት ይዣቸው ሄድኩ። አውሮፕላን ከላይ እያጓራ፣ አያቴ ከአፓርትመንቱ አትክልት መሃል አንድ ድንጋይ አንሥተው እንደ አገራቸው የይቅርታ ደንብ አንገታቸው ላይ አደረጉና በሩ ላይ ጎንበስ አሉ። ሽማግሌ እንኳ አላስከተሉም፤ አብሬያቸው የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። አዛውንቱ በሩን ሲከፍቱ ክው አሉ።

"ኧረ ጌታዬ! በሞቴ፣ ይነሡ!"

ያቺ "ጌታዬ" የምትል ቃል እኔንም አንገት አስደፋችኝ። ከዚያች ሰዓት በፊት ባላባት ዘር ነን ሲባል ደስ ይለኝ ነበር።

አዛውንቱ ድንጋዩን ከአያቴ አንገት አወረዱ። "እኔ ይቅር ብያለሁ" አሉ። ቀጥለውም "ስለ አባቴ ግን መናገር አልችልም" አሉ።

ሁለቱም አለቀሱ። የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶኝ የመኪናውን ቁልፍ እያሻሸሁ ቆምኩ።

ሰኞ ገለጻዬን እንደጨረስኩ መምህሩ ወደ ክፍሉ ዞረ። "የአልክሜዎን የልጅ ልጆች ጥፋት የለባቸውም የምትሉ፣ እጃችሁን አንሡ" አለ። ሁሉም አነሣ። የእኔ እጅ ፖስተሩን እንደያዘ ቀረ።