እናቴ መጀመሪያ ቀመሰች

ነቀምቴ ላይ የቁስለኛ ወታደሮች ነርስ ሆኜ ስሠራ፣ ተራ ወታደሩም መኮንኑም ምላሴን ይፈራ ነበር። ይፍሩ! ፋሻ የሚፈታ፣ ኪኒን ትራስ ሥር የሚደብቅ ከእኔ አያመልጥም። እኔ የያዝኩት ቁስል ይድናል ብዬ አፌን ሞልቼ እናገር ነበር፤ ዛሬም እናገራለሁ።

ከኪራሙ በኩል ቆስሎ የመጣ፣ አገሩ ሩቅ የሆነ አንድ ወታደር ግን አሸነፈኝ። ጭኑ በጥይት ተሰብሯል። ከታሸገ ብስኩት በቀር እህል አይቀምስም። የከተማው ሴቶች የሚያመጡትን ምግብ ሁሉ “ጠግቤያለሁ፣ ሲስተር” ብሎ ይመልሳል። ከሳ፣ ቁስሉም አልድን አለ። ሐኪሙ “በዚህ ከቀጠለ እግሩን አናተርፈውም” አለኝ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፤ ወይ ፍንክች!

ብሽቅ ብዬ ለእናቴ ነገርኳት። እኛ ወለጋዎች አጥንት ለተሰበረ ሰው አንጮቴ እናበላለን፤ እንደ ድንች ከመሬት የሚቆፈር ሥር ነው፣ ተቀቅሎና ተወቅጦ በቅቤ ይታሻል። በማግስቱ ጠዋት ሠርታ መጣች። ሳህኑን ተቀብዬ አቀረብኩለት። ፊቱን አዞረ።

“አንቺ ደግሞ! ሳይቀመስለት ለእንግዳ ይሰጣል?” ብላ ሳህኑን ነጠቀችኝ። አልጋው ጫፍ ተቀምጣ መጀመሪያ ራሷ ጎረሰች፤ አላምጣ ዋጠች። ከዚያ “ኛዱ ኢልማ ኮ፣ ብላ ልጄ” አለችው።

በላ። ሳህኑን ጠርጎ በላ! ለካ መርዝ ፈርቶ ኖሯል። በጦርነት መሀል፣ የማያውቀው ሰው ያበሰለውን እንዴት ይመን? እኔ በሥራ ላይ አይበላም የሚለውን ደንብ ይዤ አንድ ቀን እንኳ ቀምሼለት አላውቅም። የእናቴ ልጅ ሆኜ ይህ ይጠፋኛል? አፈርኩ።

ከዚያ ወዲያ ደንቡን ጥዬ እየቀመስኩ አበላሁት። እግሩ ተረፈ። በክራንች ኮሪደሩን ዳር እስከ ዳር የሄደ ቀን፣ ኩራቴ የምችለው አልሆነም፤ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ።

ሲወጣ እናቴን ሊሰናበት ጎንበስ አለና “እናቴ፣ ወንድ ልጅ አለዎት?” አላት። ወንድሜ ጫካ ከገባ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ እነዚህን ወታደሮች የሚወጋው እሱ ነው። ክፍሉ ውስጥ ይህን የምናውቅ እሷና እኔ ብቻ ነበርን።

“አለኝ” አለችው። “እሱም ቢቆስል፣ የምታበላው እናት አይጣ።”