የዘሥላሴን ስም የለበሰው ሰው

ሥርጉት ቂመኛ ናት። ይህን ከጀርባዋ አላወራውም፤ ፊት ለፊቷም እላታለሁ። ደብረ ብርሃን ገበያ ዳር አንድ ሱቅ ተካፍለን እሷ በአንድ የስፌት መኪና እኔ በሌላው ስንሰፋ ዓመታት አሳልፈናል። ቂመኛ ስላት "አዎ ነኝ፤ ታዲያ ምን ይሁን?" ትለኝና ክሯን በጥርሷ በጥሳ ሥራዋን ትቀጥላለች።

እኔ ነጅዋ እባላለሁ፤ የአልዩ አምባ ልጅ ነኝ። የእኔ ቁጣ ቶሎ ይነድዳል፣ ቶሎ ይጠፋል። የሥርጉት ግን እንደ ኩበት እሳት ውስጥ ውስጡን ይዞ ያድራል። ለዚህም ነው የምወዳት።

ቂሟ ስለ ታላቅ ወንድሟ ስለ ዘሥላሴ ነው። ዘሥላሴ አንኮበር መምህር ነበር። ቅዳሜና እሁድን ደብረ ብርሃን ከቤተሰቡ ጋር ያሳልፍና ሰኞ ማለዳ በብስክሌቱ ወደ ሥራው ይወርዳል። ከእነዚያ ሰኞዎች በአንዱ፣ ወደ አንኮበር በሚያወርደው ጠመዝማዛ ላይ ወልደአረጋይ የሚባል ነጋዴ ራሱ በሚነዳው አይሱዙ ገጨው። እሱን አቶ አልለውም። የዘሥላሴ ህብለ ሠረሠር ተጎዳ፤ ከወገቡ በታች ያለው አካሉ ከዚያን ቀን ወዲህ አልታዘዘውም።

ወልደአረጋይ ለፖሊስ ልጁ ሰክሮ መሀል መንገድ ገባብኝ ብሎ ቃሉን ሰጠ። ሰኞ ማለዳ ሰክሮ! ያየ ሰው ስላልነበረ የሱ ቃል ጸደቀለት። ዘሥላሴ አዲስ አበባ ሆስፒታል ራሱን ስቶ ተኝቶ ሳለ ወልደአረጋይ ሽማግሌ ሰብስቦ፣ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ እነ ሥርጉት ደጅ ወደቀ። አባቷ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ደጃቸው ላይ ድንጋይ ተሸክሞ የወደቀ ሰው አይተው ማለፍ የሚያስችል አንጀት አልነበራቸውም። ጥፋቱ ከሁለቱም ነው ተባለና እርቅ ወረደ። የነፍስ አባታቸው መምሬ ወልደተንሣኤ መስቀላቸውን አውጥተው ከዛሬ ወዲያ ይህን ነገር ያነሣ ውግዝ ይሁን ብለው ገዘቱ። ተጎጂውን የጠየቀው የለም።

ዘሥላሴ ሲነቃ እኔና ሥርጉት አልጋው አጠገብ ነበርን። ስለ ግዝቱ ገና አልሰማም ነበርና የሆነውን ነገረን። እሱ ጠርዙን ይዞ ይወርድ ነበር፤ ጠመዝማዛውን ቆርጦ በሱ መስመር የመጣው መኪናው ነው። ግዝቱን ሲነግሩት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላነሣውም። እሱም እህቱም ለግዝት ሟች ናቸው። እኔ ሙስሊም ስለሆንኩ አይዘኝም ብዬ በየሱቁ አወራሁት፤ ሰዉ ግን የጓደኛዋ ወሬ ነው ብሎ ናቀኝ። ዘሥላሴ በከተማው አፍ "ያ ሰክሮ የተገጨው መምህር" ሆኖ ቀረ። በአባቷ ለቅሶ ላይ እንኳ ሰዎች ይህንኑ ሲንሾካሾኩ ሥርጉት በጆሮዋ ሰምታለች።

የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር። ወልደአረጋይ በገዛ አፉ፣ ሰው እየሰማ፣ ጥፋቱ የኔ ነው እንዲል። ይታሰር አላለችም፤ ይካሰኝም አላለችም።

ባለፈው ዓመት ወጣት ሐኪሞች ተሰባስበው ለህብለ ሠረሠር ጉዳት ምርምር ድጋፍ የሚሆን የብስክሌት ጉዞ አዘጋጁ፤ ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር። እያንዳንዱ ብስክሌተኛ ጀርባው ላይ የአንድ ተጎጂ ስም ለብሶ ነው የሚሄደው። ስሙን ካናቴራው ላይ የመስፋቱ ሥራ ለኛ ሱቅ ደረሰ። ሥርጉት የዘሥላሴን ስም ለራሷ ልትሰፋ ቀይ ክር መርጣ አስቀምጣ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወልደአረጋይ ቦርጩን አስቀድሞ ሱቃችን ገባ። በጉዞው እንደሚካፈል፣ ለተጓዡ ሁሉ ውሃ የሚያቀርበውም እሱ እንደሆነ አወራን። ከዚያ ካናቴራውን ዘርግቶ ፊቱን እንደ ጾመኛ አጠወለገና፦

"የወንድሜን የዘሥላሴን ስም ስፊልኝ፤ ለነፍሴ ይሆነኛል" አላት።

እኔ መቀሱን አነሣሁ። ለምን እንዳነሣሁት አላህ ያውቃል። ሥርጉት ግን እሺ ጋሼ ብላ ተቀበለችው። ሲወጣ ያንን ቀይ ክር መኪናው ላይ አስገብታ፣ ደርባ ደጋግማ፣ ስሙን ከትከሻ እስከ ትከሻ ሰፋችለት። አብደሻል ወይ ብዬ ስጮህባት ቀና እንኳ ሳትል ነገሩን ማን እንዳነሣው አላየሽም ወይ አለችኝ። ያኔ ገባኝ። ሰውየው ግዝቱ የሚያስረው እነሱን ብቻ መስሎታል፤ ለመመስገን ሲጣደፍ በገዛ እጁ ነገሩን ቀሰቀሰው። የራሷን ካናቴራ ጀርባ ባዶውን ተወችው።

የጉዞው ዕለት ደብረ ብርሃን እንደ ልማዷ ብርዷን ለቀቀችብን። እኔ ብስክሌት ላይ ስወጣ ዓለም ስለሚዞርብኝ አጃቢው ፒካፕ ውስጥ ገባሁ። ዘሥላሴን አንሥተን ከፊት አስቀመጥነው። መምሬ ወልደተንሣኤም ጉዞውን ባርከው ከእኔ ጋር ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። ወልደአረጋይ ከፊታችን ነበር። ዘሥላሴ የገዛ ስሙ በሌላ ሰው ጀርባ ላይ ሲወዛወዝ በፊት መስታወቱ ያያል። መምሬም አዩት።

ወልደአረጋይ በገብሱ ማሳ መሀል እያለፈ፣ ለወጣው ሰው ሁሉ እጁን እያውለበለበ ሄደ። ሥርጉት በየትኛውም ሰዓት ልትቀድመው ትችል ነበር፤ ግን ከኋላው አልተለየችም። ቁልቁለቱ ጀምሮ ጉሙ ከቆላው ሲነሣ ፍጥነቷን ጨምራ አለፈችው። ያ ጠመዝማዛ ላይ ስንደርስ ብስክሌቷን መንገዱ ላይ አጋድማ ቆማለች። ወልደአረጋይ ፍሬን ይዞ ሊወድቅ ለጥቂት ተረፈ። ከኋላ የሚመጡትም አንድ በአንድ እየቆሙ ከበቧቸው፤ እኛም ቆምን።

"ያን ሰኞ የመጣኸው በየት በኩል ነበር?" አለችው። ጋሼ ቀርቶ አንተ ሆነ።

ወልደአረጋይ ዙሪያውን አየ። "እህቴ፣ ግዝት አለብን እኮ።"

"ስሙን አሰፍተህ አገር ለአገር ያዞርከው አንተ ነህ። ነገሩን ማን አነሣው?"

ሰው ሁሉ ወደ መምሬ ዞረ። ቀስ ብለው ከመኪናው ወረዱ። እውነቱን ለመናገር ፈራሁ፤ እርቅ ያወረዱ ሰው እርቃቸው ሲፈርስ አይወዱም። ወልደአረጋይን በትከሻው ይዘው አዞሩና ጀርባው ላይ ያለውን ስም አነበቡት።

"ግዝቱን የሻርከው አንተ ነህ። አሁን ውሸት አትደርብበት" አሉት።

በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀው። ከዚያ እጁን ወደ መንገዱ ጠርዝ ዘረጋ። በዚህ ነው የመጣሁት፣ መስመሩ የሱ ነበር፣ ልጁ አልሰከረም አለ። ድምፁ ለራሱም የሚሰማ አይመስልም ነበር። ሥርጉት ከኋላ ያሉት አልሰሙህም ብላ አስደገመችው። ደገመ። ሦስተኛም አስባለችው። እኔ ብሆን እስኪመሽ አስብለው ነበር።

ሲጨርስ ወደ መኪናው መጥቶ ከዘሥላሴ በር ሥር ተንበረከከ። በእኛ አገር የተንበረከከን ሰው ተነሥ ማለት ወግ ነው፤ ሰዉም ይህንኑ ይጠብቅ ነበር። ዘሥላሴ መስኮቱን አወረደና ቁልቁል አየው።

"እኔ ለመነሣት ሁለት ሰው ያስፈልገኛል" አለ ረጋ ብሎ። "እርስዎ እግር አለዎት፤ በራስዎ ይነሡ።"

ወልደአረጋይ አስፋልቱን ተደግፎ ተነሣ። እጁን የሰጠው ሰው አልነበረም። ሥርጉት አቧራውን ከጉልበቱ አራግፎ እስኪጨርስ ቆማ አየችው፤ ከዚያ ብስክሌቷን አንሥታ ቁልቁለቱን ወረደች። አንኮበር ላይ ስንገናኝ ቀለለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

"ጣፈጠኝ" አለችኝ።