አስተማሪዬ ድርሰታቸውን የሰሙበት ቀን

ቫዮሊን ያስተማሩኝ እንጅባራ ይኖሩ የነበሩ ጡረተኛ የሙዚቃ መምህርት ናቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሄደው ሙዚቃ ተምረዋል። በዚያ ጊዜ ሴት ልጅ ትዘፍናለች እንጂ ለቫዮሊንና ለቼሎ ድርሰት ትጽፋለች ብሎ የሚያስብ አልነበረም። አንዱ አስተማሪያቸውም «ድርሰቱን ለወንዶቹ ተዪውና አንቺ መጫወቱን አጥብቂ» ብሏቸው ነበር። እሳቸው ግን አልተዉትም። እናታቸው ሲታመሙ ወደ አገራቸው ተመልሰው በዚያው ቀሩ፤ ቀን ቀን እያስተማሩ፣ ሲመሻሽ ኖታ እየጻፉ ዕድሜያቸውን ገፉ።

እኔ ዳንግላ መምህርት ሆኜ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ እየተመላለስኩ ስማር፣ አንድ ቀን ከቁም ሣጥናቸው የደብተር ክምር አውጥተው አሳዩኝ። ከላይ የነበረው ለአራት ባለ ክር መሣሪያዎች የተጻፈ ነው። መነሻው ዘንገና ሐይቅ አካባቢ ሴቶች አረም ሲያርሙ በአገውኛ የሚቀባበሉት ዜማ ነበር።

«ሲጫወቱት እንዴት ነው የሚሰማው?» አልኳቸው።

«እኔስ መች ሰማሁት!» አሉ ሳቅ ብለው። «በጭንቅላቴ እንጂ።»

ነገሩ ከነከነኝ። ባሕር ዳር ሦስት ተጫዋቾች አፈላልጌ አገኘሁ፤ ኖታውን በእጄ ገልብጬ ሰጠኋቸውና ወራት ተለማመድን። ዳንግላ፣ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ልናቀርበው ቀን ስንቆርጥ መምህርቴ ወገባቸውን ታመው ተኙ። ልምምዱን በስልክ ላሰማቸው ብሞክር ኔትወርኩ እየተቆራረጠ አስቸገረ።

«ተዪው ልጄ፤ እናንተ ከተጫወታችሁት ለእኔ ይበቃኛል» አሉ።

ለእኔ ግን አልበቃኝም። የአዳራሹ ቀን ሳይደርስ፣ በማግስቱ ቼሎውን ሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ አጋድመን አራታችንም እንጅባራ ሄድን። መኝታ ክፍላቸው ጠባብ ስለነበር አንዳችን በሩ ላይ ቆሞ፣ መጫወት ጀመርን። ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያዳምጡ ቆዩና ድንገት እጃቸውን አነሡ።

«ቁሙ! ቁሙ! እዚህ ጋ ተጣደፋችሁ። ሴቶቹ እኮ ጎንበስ ብለው እያረሙ ነው የሚዘፍኑት። ትንፋሽ ስጧቸው እንጂ!»

ደገምነው። ስንጨርስ እንባቸው በጉንጫቸው ይወርድ ነበር፤ አልጠረጉትም።

«ቼሎው እንዲህ እንደሚያምር አላወቅሁም» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ እርሳስ ተቀበሉኝና ከቫዮሊኑ መስመር ሁለት ኖታ ሰረዙ።

ያረፉት በቀጣዩ ክረምት ነው። ደብተሮቹን ለእኔ ተዉልኝ። አሁን ከክፍል በኋላ ቫዮሊን የማስተምራቸው ልጃገረዶች የሚለማመዱት ከእነሱ ነው። አንዷ ሰሞኑን ራሷ የደረሰቻትን አጭር ዜማ ጽፋ አመጣችልኝ። ለጣት የምታስቸግር ናት፤ ቀስ እያልን እየተለማመድናት ነው።